ስንት ሚሊ ሽቦ ልግዛ? በቤት ስለሚሠራ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ያለው መሬት አልረጋ አለ። አዲስ አበባም ደረሰን። በተለይ ኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ ለምንኖር ሰዎች ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አምፖሉ ይወዛወዛል፣ ቁም ሳጥኑ ሲጢጥ ይላል፣ ወዲያው ስልክ ይጮኻል፤ "እናንተም ጋ ተሰማ?" ወራት እንዲህ አለፉ። በየካቲት ደግሞ መጠኑ 6.0 የደረሰ መጣ።

በዚያ ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ በሬን አንኳኳ። ኤሌክትሮኒክስ መፈታታት የሚወድ ልጅ ነው። "ጋሼ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ልሠራ ነው። ስንት ሚሊ ሽቦ ልግዛ?" አለኝ። ያነበበው ሁሉ የሚነግረው አንድ ነገር ነው፦ እጅግ ቀጭን ሽቦ፣ እጅግ ኃይለኛ ማግኔት፣ የቻልከውን ያህል ዙር። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ገንዘብና ትዕግሥት ያስጨርሳል። "ስንት ሚሊ?" የሚለው ጥያቄ መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ እንየው።

መሣሪያው እንዴት ነው የሚሠራው?

አውቶቡስ ውስጥ ቆማችሁ ስትሄዱ ሹፌሩ ድንገት ሲነሳ ወደ ኋላ ትወድቃላችሁ። እውነቱን ለመናገር እናንተ ወደ ኋላ አልሄዳችሁም። አውቶቡሱ ነው ከሥራችሁ የሄደው። ሰውነታችሁ ባለበት መቆየት ፈለገ።

የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያም፣ ማለትም ሲስሞሜትር፣ ይኸው ነው። አንድ ከበድ ያለ ነገር በሞላ ወይም በማጠፊያ ይንጠለጠላል። መሬት ሲንቀሳቀስ ክፈፉ አብሮ ይሄዳል። የተንጠለጠለው ክብደት ግን ወደ ኋላ ይቀራል። የምንለካው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

ድሮ ይህን የሚጽፍ ብዕር ነበር። ጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ ይጭራል። ብዕሩ ወረቀቱን ሲነካ ስለሚጎተት ክብደቱ ግዙፍ መሆን ነበረበት። ጀርመን ጎቲንገን ውስጥ 17 ቶን የሚመዝን አለ። አስቡት፣ ለአንድ ብዕር! በ1906 እ.ኤ.አ. ገደማ የሩሲያው ልዑል ቦሪስ ጎሊትሲን ሌላ ዘዴ አመጣ። ብዕሩን ትቶ ሽቦና ማግኔት ተጠቀመ።

መሠረቱ ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያገኘው ነገር ነው። ሽቦ በማግኔት አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ቆሞ ከሆነ ምንም የለም። ቀስ ብሎ ከሄደ ጥቂት፣ ፈጥኖ ከሄደ ብዙ። ስለዚህ አንዱን ክፈፉ ላይ፣ ሌላውን ክብደቱ ላይ ካሠርን መሬቱ ሲነቃነቅ ቮልቴጅ ይወጣል። ይህ ቮልቴጅ የሚነግረን መሬቱ ምን ያህል ርቀት እንደሄደ አይደለም፤ ምን ያህል እንደፈጠነ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ዝግ ብሎ የሚመጣ የሩቅ ሞገድ ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

ሒሳቡ ሦስት ነገሮችን ማባዛት ብቻ ነው። የማግኔቱ መስክ ጥንካሬ፣ በመስኩ ውስጥ ያለው የሽቦ ርዝመት፣ ፍጥነት። መስክ ማለት ማግኔቱ ጉልበቱን የሚያሳርፍበት አካባቢ ነው፤ የሚለካው በቴስላ ነው። ለምሳሌ 5,000 ዙር የተጠመጠመ ሽቦ አለን እንበል። ከእያንዳንዱ ዙር 2 ሳንቲ ሜትሩ መስኩ ውስጥ ነው። በጠቅላላው 100 ሜትር ሽቦ ይሠራል ማለት ነው። መስኩ 0.3 ቴስላ ከሆነ መሬቱ በሰከንድ 1 ሜትር ቢፈጥን 30 ቮልት ይወጣል። መሬት በሰከንድ 1 ሜትር ከፈጠነማ ቮልቴጅ የሚያነብ ሰው አይኖርም። ስለዚህ በሚሊዮን ከፍላችሁ አንብቡት፦ በሰከንድ 1 ማይክሮን፣ 30 ማይክሮቮልት። ለነዳጅ ፍለጋ የሚያገለግሉት ጂኦፎን የሚባሉት የፋብሪካ ዳሳሾችም ወደ 28 ቮልት ነው የሚሰጡት። በእጅ የተጠመጠመ ጥቅል ከእነሱ እኩል መድረሱ ደስ ይላል።

ታዲያ ቀጭን ሽቦ ለምን የተሻለ አይሆንም?

ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንሂድ።

ሽቦው የሚጠመጠምበት ቦታ የተወሰነ ነው። በማግኔቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከሚፈቅደው በላይ ማስገባት አይቻልም። ይህን ቦታ እንደ አንድ ቁና አስቡት። ቁናውን ባቄላ ልትሞሉት ትችላላችሁ፤ ጤፍም ልትሞሉት ትችላላችሁ። የጤፉ ፍሬ ቁጥር ከባቄላው በብዙ ይበልጣል። ቁናው ግን ያው ቁና ነው።

ሽቦም እንዲሁ። ከዳር እስከ ዳር በአማካይ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ክብ ጥቅል እንውሰድ። ቦታው 0.1 ሚሊ ሽቦ 5,000 ዙር ይይዛል እንበል። የሽቦው ርዝመት ወደ 390 ሜትር ይሆናል። መዳብ በዚህ ውፍረት በሜትር 2.2 ኦም ገደማ ስላለው ሬዚስታንሱ 860 ኦም ነው። ሬዚስታንስ ማለት ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚያስቸግርበት መጠን ነው። አሁን ሽቦውን በእጥፍ እናወፍረው፣ 0.2 ሚሊ። በዚያው ቦታ የሚገባው ሩብ ያህል ዙር ነው፤ 1,250። ቮልቴጁም ሩብ ይሆናል። ሬዚስታንሱ ግን ወደ 54 ኦም ይወርዳል፤ አንድ አሥራ ስድስተኛ ማለት ነው። በተቃራኒው ወደ 0.05 ሚሊ ብንሄድ 20,000 ዙር እናገኛለን። ቮልቴጁ በአራት ይባዛል፤ ሬዚስታንሱ ደግሞ ወደ 14,000 ኦም ገደማ ይወጣል።

"እሺ፣ ቮልቴጁ በአራት ከተባዛ አተረፍን አይደል?" አለ ልጁ። አላተረፍንም። ማንኛውም ሬዚስታንስ ያለው ነገር ከራሱ የሚያወጣው ሽሽታ አለ። ባዶ ጣቢያ ላይ ያለ ሬዲዮ እንደሚያሰማው ዓይነት። የሚመጣው ከሙቀት ነው፤ ሽቦው ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች አርፈው አይቀመጡም። ይህ ሽሽታ የሚያድገው በሬዚስታንሱ ካሬ ሥር ነው። ሬዚስታንስ በ16 ሲባዛ ሽሽታው በ4 ይባዛል። የምንፈልገው ድምፅ በ4፣ የማንፈልገውም በ4። ሬዲዮውን አጮህነው እንጂ ጣቢያውን አላጠራነውም።

ነገሩን የሚወስነው የመዳቡ ጠቅላላ መጠን ነው። በጠንካራ መስክ ውስጥ ስንት ግራም መዳብ አስገባችሁ? ጥያቄው ይህ ነው። ከ0.1 ሚሊ ሽቦ 5,000 ዙር ወደ 28 ግራም ይመዝናል። ይህንኑ 28 ግራም በወፍራም ወይም በቀጭን ብታደርጉት የመሣሪያው እውነተኛ አቅም ያው ነው። እንዲያውም በጣም ቀጭን ሽቦ ትንሽ ያከስራል። ሽቦው ላይ የተቀባው ቫርኒሽ ቦታ ይበላል። ሽቦው በቀጠነ ቁጥር ከቁናው ውስጥ መዳብ ሆኖ የሚቀረው ያንሳል።

ስለዚህ ስንት ሚሊ ልግዛ?

አሁን ጥያቄው በሰዓቱ መጣ። መልሱ ያለው አምፕሊፋየሩ ላይ ነው። አምፕሊፋየር ያችን ጥቂት ማይክሮቮልት አጉልቶ ለኮምፒዩተር የሚሰጥ ነው። እሱም የራሱ ሽሽታ አለው። ሽቦው ሹክ ብሎ ቢያወራ፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ የሚያጉረመርም ከሆነ አይሰማም።

በየሱቁ የሚገኘው ኤልኤም358 የሚባለው የአምፕሊፋየር ቺፕ ርካሽ ነው፣ ግን ጫጫታ አለው፤ በአንድ ኸርዝ የድግግሞሽ ስፋት ወደ 40 ናኖቮልት (ናኖቮልት የቮልት አንድ ቢሊዮንኛ ነው)። ኦፒ27 የሚባለው 3 ናኖቮልት ብቻ ነው። የ860 ኦም ጥቅል የራሱ ሽሽታ ወደ 3.7 ናኖቮልት ይሆናል። ከኦፒ27 ጋር እኩያ ናቸው ማለት ነው። የ54 ኦሙ ጥቅል ሽሽታ 1 ናኖቮልት አይሞላም፤ ስለዚህ እዚያ ላይ አምፕሊፋየሩ የበላይ ይሆናል፣ የወፍራም ሽቦው ጥራት በከንቱ ይቀራል። ያላችሁ ኤልኤም358 ብቻ ከሆነ ደግሞ ቀጭን ሽቦና ብዙ ዙር በእርግጥ ይረዳል። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው ያልኩት ለዚህ ነው። የተጻፈው ደካማ አምፕሊፋየር ላለው ሰው ነው።

እኔ ለልጁ 0.1 ሚሊ አልኩት። ከ0.08 እስከ 0.13 ያለው ሁሉ ይሆናል። 0.05 የሰው ፀጉር ነው፤ ሲጠመጠም በ12,000ኛው ዙር ላይ ይበጠስና ምሽቱን ያበላሻል። በጣም ከፍ ያለ ሬዚስታንስ ያለው ጥቅል ደግሞ በዙሪያው ያለውን የኤሌክትሪክ መስመር ጫጫታ ሁሉ ይሰበስባል።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ሁሉ የናኖቮልት ክርክር ብዙ ጊዜ ትርጉም የለውም። ከጭነት መኪና፣ ከሰው እግር፣ ከግንባታ የሚመጣው ንዝረት ከሽቦው ሽሽታ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ገጠር ከሆናችሁ፣ ቋጥኝ ላይ ካስቀመጣችሁት፣ ያኔ እንነጋገራለን።

ሽቦውን ከየት አገኛለሁ?

ሞተር የሚጠመጥሙ ሰዎች ጋ የመዳብ ሽቦ አለ፤ ነገር ግን አብዛኛው ወፍራም ነው። ቀጭኑ ያለው አሮጌ ሪሌና ኮንታክተር ውስጥ ነው። ኮንታክተር በፋብሪካና በፓምፕ ቦርድ ላይ "ጧ!" የሚለው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። በ220 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ኮንታክተር ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞ አለ። ዋናው ነገር፣ የተጠመጠመ ነው! ብረቱን ከመሃሉ ማውጣት ብቻ ይበቃል። ሥራችሁን ከግማሽ በላይ አቀለለ። ምናለሽ ተራ አንድ ከሰዓት ብትዞሩ አታጡትም። ቆራሌው ራሱ በር ድረስ ይዞት ሊመጣ ይችላል።

ራሳችሁ የምትጠመጥሙ ከሆነ ድሪል ላይ መንኮራኩሩን አሥራችሁ በዝግታ አዙሩ። ሽቦውን በጣታችሁ መካከል ለስላሳ ጨርቅ ይዛችሁ ምሩት። ዙር ለመቁጠር የቆየ ብልሃት አለ። ርካሽ ካልኩሌተር ፈታችሁ ከ"እኩል ይሆናል" (=) ቁልፉ ሁለት ሽቦ አውጡ። ሽቦዎቹን ማግኔት ሲቀርበው ከሚዘጋ ትንሽ ማብሪያ ጋር አገናኙ። ከሚዞረው ላይ ትንሽ ማግኔት ለጥፉ። 1 ሲደመር 1 ብላችሁ ጀምሩ። እያንዳንዱ ዙር አንድ ይጨምራል። የማይቆጥር ካልኩሌተርም አለ፤ አስቀድማችሁ በእጅ ሞክሩት።

ቁጥሩ ቢጠፋባችሁ አትደንግጡ። በመልቲሜትር ሬዚስታንሱን ለኩት። 0.1 ሚሊ ከሆነ ለ2.2 አካፍሉት፤ ርዝመቱን በሜትር ታገኛላችሁ። ርዝመቱን ለአንድ ዙር ዙሪያ ስታካፍሉ ዙሩ ይወጣል።

ጫፎቹ ላይ ያለውን ቫርኒሽ አውልቁት፤ አለዚያ ስታኞው አይዝም። አንዳንዱ ቫርኒሽ በካውያው ሙቀት ራሱ ይቀልጣል። ሌላው በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ መፋቅ ይፈልጋል። ቀጭኑን ሽቦ በቀጥታ ወደ ውጭ አታውጡት። ወፈር ካለ ሽቦ ጋር አያይዛችሁ ጥቅሉ ላይ በሙጫ አጣብቁት። የእነዚህ ጥቅሎች ሞት ሁልጊዜ ጫፋቸው ላይ ነው።

ማግኔቱስ የትኛው?

በአገራችን በቀላሉ የሚገኙት ሁለት ናቸው። አንደኛው በስፒከር ጀርባ ያለው ጥቁር ቀለበት፣ ፌራይት ነው። ሁለተኛው ብርማ የሚያብረቀርቀው ኒዮዲሚየም ነው። ይህ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በጃፓንና በአሜሪካ የተፈለሰፈ ነው። የፌራይት ጥንካሬ 0.4 ቴስላ ገደማ ሲሆን የኒዮዲሚየም ከ1.2 እስከ 1.4 ይደርሳል። እነዚህ ቁጥሮች የማግኔቱ የውስጥ ጥንካሬ ናቸው። ውጭ የሚደርሰን ሁልጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው።

ኒዮዲሚየም ስትገዙ ሱቅ ላይ ኤን35፣ ኤን42፣ ኤን52 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ታያላችሁ። ኤን52 ስሙ ያስጎመጃል። በመስክ ጥንካሬ ግን ኤን35ን የሚበልጠው ወደ 20 ከመቶ ብቻ ነው። ለዚያ ልዩነት ብዙ ብር አታውጡ። ክፍተቱን በጥቂት ሚሊ ሜትር ማጥበብ ከዚያ የበለጠ ያስገኛል።

ክፍተቱ ዋናው ነገር ነው። ብቻውን የቆመ ማግኔት ጉልበቱን በየአቅጣጫው ይበትናል፤ ራቅ ስትሉ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር መስኩ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ሜዳ ላይ የተደፋ ውሃ እንደማለት ነው። ውሃውን ወደ እርሻው ለማድረስ ቦይ ይቆፈራል። ለማግኔት ቦዩ ብረት ነው። ሁለት ማግኔቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ከጀርባቸው ወፍራም የብረት ላሜራ ሲደረግ መስኩ በብረቱ ውስጥ ይዞርና ክፍተቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ጥቅሉ የሚገባው እዚያ ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ቀድሞ ሠርቶልናል። የተበላሸ የኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ፍቱ። አሮጌው የሚሽከረከረው ዓይነት ነው እንጂ አዲሱ ኤስኤስዲ አይደለም። ውስጡ ሁለት ጠፍጣፋ የኒዮዲሚየም ማግኔቶች ከነብረታቸው አሉ። ቪቲዎቹ ባለ ስድስት ጥርስ ስለሆኑ ተራ ካቻቢቴ አይገባም፤ ተስማሚውን ያዙ። ማግኔቱን ከብረቱ ለመነጠል አትታገሉ። ብረቱን እኮ እንፈልገዋለን! በመካከላቸው የናስ ወይም የአሉሚኒየም ድጋፍ አስገብታችሁ ክፍተቱን ለጥቅላችሁ እንዲበቃ አስፉት። ውፍረቱ 7 ሚሊ ለሆነ ጥቅል 10 ሚሊ ክፍተት ይበቃል።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ። የሃርድ ዲስክ ማግኔት በአንዱ ፊቱ ላይ ሁለት ዋልታ አለው። ግማሹ ሰሜን፣ ግማሹ ደቡብ። ጥቅሉን ስታስቀምጡ የአንዱ ጎን ሽቦ በሰሜኑ ላይ፣ የሌላው ጎን በደቡቡ ላይ መዋል አለበት። ሽቦው በአንዱ ጎን ከወጣ በሌላው ጎን ይወርዳል። መስኩም ስለሚገለበጥ ሁለቱ ቮልቴጆች ይደመራሉ። ሁለቱም ጎኖች በአንድ ዋልታ ላይ ካረፉ ግን እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። 10,000 ዙር ጠምጥማችሁ ዜሮ ታነባላችሁ። ልጁም ይህ ደርሶበታል። ሽቦው የተበጠሰ መስሎት ሁለት ቀን ፈለገ። አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ስንገፋው ሠራ።

የስፒከር ማግኔትስ? ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ብዙ ዙር አይገባበትም፤ ትንሽ ጎን ከሄደም ይነካካል። ትልቅ የባስ ስፒከር ግን ከነራሱ ጥቅል በሜትር በሰከንድ ከ5 እስከ 10 ቮልት ሊሰጥ ይችላል። ለመጀመሪያ ሙከራ አይናቅም። ማይክሮዌቭ ውስጥም ማግኔት አለ። ለእሱ ብላችሁ ማይክሮዌቭ አትክፈቱ። ማይክሮዌቩ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተር የሚባለው ክፍሉ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይይዛል።

ስለ ሙቀት የሚጨነቁ አሉ። ኒዮዲሚየም በአንድ ዲግሪ 0.12 ከመቶ ገደማ ይደክማል። ሌሊትና ቀን 10 ዲግሪ ቢለያዩ 1 ከመቶ ማለት ነው። ተዉት። ይልቅ ትናንሽ ኒዮዲሚየሞችን ከሕፃናት አርቁ። ሁለት የዋጠ ልጅ አንጀቱ በመካከላቸው ይያዛል። ይህ ቀልድ አይደለም።

የሚንቀሳቀሰው ማግኔቱ ይሁን ወይስ ጥቅሉ?

ለቮልቴጁ ልዩነት የለውም። ለሌላው ነገር ግን አለው።

ማግኔቱን ክብደቱ ላይ ካሠራችሁት ከጥቅሉ የሚወጣው ሽቦ አይንቀሳቀስም። ቀላል ነው። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚሠሩት አንዳንዶቹ ስሊንኪ በሚባለው የልጆች መጫወቻ ሞላ ላይ ማግኔት አንጠልጥለው ነው። ችግሩ፣ የተንጠለጠለ ማግኔት ኮምፓስ ነው። መኪና ሲያልፍ ብረቱ ይስበዋል። የመሬት የራሷ የማግኔት መስክ ሲለዋወጥም ይሰማዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ለዚህ ልዩ ቦታ ናት። የማግኔት ወገብ የሚባለው፣ የመሬት መስክ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚተኛበት መስመር፣ በቅርባችን ያልፋል። በዚያ መስመር ላይ ቀን ቀን ከበላያችን በከፍተኛው አየር ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ስለሚፈስ መስኩ ከሌላው ቦታ በበለጠ ይለዋወጣል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተቋቋመው፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እዚህ እንዲሆን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ስለዚህ በአግድም ለሚወዛወዝ፣ እንደ በር ለሚንጠለጠል ዓይነት እኔ ጥቅሉን ክብደቱ ላይ አድርጌ ማግኔቱን ከክፈፉ ጋር አሥራለሁ። ያ ዓይነት እጅግ ስሱ ነው። ትንሽ ያዘነበለ በር ራሱን ቀስ ብሎ ወደ አንድ ቦታ እንደሚመልስ አይታችኋል አይደል? ከዚያ ብዙም አይለይም፤ ሊመለስ 15 ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። ትንሽ የማግኔት ጉተታ ይበቃዋል። ከጥቅሉ የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ግን እንደ ሞላ እንዳይዙት ለስላሳና ጠምዘዝ ያሉ ይሁኑ። የሚንቀሳቀሰው ክፍል ቡሎኑም ሆነ ክንዱ ናስ ወይም አሉሚኒየም ይሁን። አንዲት የብረት ቪቲ ከረሳችሁ ማግኔቱ ይይዛታል፤ መሣሪያው በሙሉ እዚያው ይቆማል።

አንዴ ከተነካ ለምን ዝም አይልም?

የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ዥዋዥዌ ነው። አንዴ ከገፋችሁት ይሄዳል ይመጣል። የመሬቱ እንቅስቃሴ በ20 ሰከንድ ቢያልቅም መሣሪያው አሥር ደቂቃ ይጨፍራል። የትኛው የመሬት፣ የትኛው የራሱ እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ የሚያረግበው ነገር ይፈልጋል።

እዚህም ማግኔት ይረዳል። የመዳብ ቱቦ ውስጥ ትንሽ ኒዮዲሚየም ጣሉ። እንደ ላባ ቀስ ብሎ ይወርዳል። መዳብ ማግኔት አይስብም፤ ነገር ግን ማግኔቱ ሲያልፍ ውስጡ ጅረት ይፈጠርና እንቅስቃሴውን ይቃወማል። ሁለተኛ ጥንድ ማግኔት አዘጋጅታችሁ ከክብደቱ ጋር የተያያዘ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ውፍረት ያለው የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሳህን በመካከላቸው አሳልፉ። ሲገፋ አንድ ጊዜ ጥቂት አልፎ ተመልሶ የሚቆም ከሆነ ልክ ነው።

ሌላው መንገድ ራሱን ጥቅሉን መጠቀም ነው። ሁለቱን ጫፎች በሬዚስተር ስታገናኙ ጅረት ይፈስና ያረግበዋል። ይህ የማርገብ አቅምም የሚወሰነው በሽቦው ቅጥነት አይደለም። እንደገና ያው ቁና ነው፤ መስክና መዳብ። ሥራችሁ የተሳካ መሆኑን ያለ ምንም መሣሪያ ማወቅ ትችላላችሁ። ክብደቱን አወዛውዙና የጥቅሉን ሁለት ጫፎች አነካኩ። ወዲያው ማር ውስጥ እንደገባ ከዘገየ ማግኔቱና ሽቦው ተስማምተዋል። ምንም ለውጥ ከሌለ አምፕሊፋየር ለመግዛት አትቸኩሉ።

ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጥቁር ቀበቶ ምንድነው?

ኤሌክትሪክ ነው። መብራታችን በሰከንድ 50 ጊዜ ሄዶ ይመለሳል፤ ጥቅሉም አንቴና ነው። ከፍሪጅና ከስታብላይዘር አርቁት። የሚወጣውን ገመድ እርስ በርስ የተጠማዘዘና ሽፋን ያለው አድርጉት። ባለ ሁለት ጥቅል መሥራት ከቻላችሁ ደግሞ አንዱን ገልብጣችሁ አገናኙ፤ ማግኔቱንም ለአንደኛው ገልብጡ። ከመሬቱ የሚመጣው ይደመራል፣ ከመብራቱ የሚመጣው ይጠፋፋል። የጊታር ሠሪዎችም የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ምን ያሳያል?

ቀድሞ አይተነብይም። ይህን ማንም መሣሪያ አያደርግም። የሚያሳየው የመጣውን ነው። መጀመሪያ ፈጣኑ ሞገድ ይደርሳል፤ ቀጥሎ ዘገምተኛውና ብርቱው። በመካከላቸው ያለውን ሰከንድ በ8 ስታባዙ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይወጣል። ፈንታሌ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 16 ሰከንድ ገደማ ትጠብቃላችሁ። ግምት ነው፤ ግን ያልሆነን ከሆነው ለመለየት ይበቃል።

ልጁ መሣሪያውን መጀመሪያ ያስቀመጠው አራተኛ ፎቅ፣ አልጋው ሥር ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ስክሪኑ በትላልቅ ሞገዶች ተሞላ። እየሮጠ መጣ። "ጋሼ፣ መጣ!" ሄጄ አየሁት። ሞገዶቹ እኩል ርቀት ላይ ናቸው፤ ጎን ለጎን እንደተደረደሩ ጥርሶች። በፈጣኑና በዘገምተኛው ሞገድ መካከል የሚቆጠር ሰከንድም የለም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እትዬ ቡና እየወቀጡ ነበር። መሣሪያው አሁን የጥበቃው ቤት ወለል ላይ ነው፤ ጥበቃው ጋሼም ወንበራቸውን ወደ ውጭ አውጥተውለታል።